ለሕፃኑ የከለከልኩት ቅባት

ያኔ ፒያሳ የሚባል ስም አልነበረም፤ አራዳ ነው። እኔም ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ለአራዳ ነጋዴዎች የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፍኩ እኖር ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ልጅ አልወለድኩም። ብቸኝነት ይለመዳል ይላሉ፤ ውሸት ነው። እኔ የለመድኩት ከመርፌዬ ጋር መነታረክን ብቻ ነው።

ግድግዳ የምትጋራኝ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። ባሏ በቅሎ እየነዳ ጅማ ለቡና ይሄድና ወራት ይቆያል። እሷ «እታለም» ትለኛለች፤ እኔም ያለ እሷ እህል አይወርድልኝም። ወንድ ልጇን ስታምጥ ወገቧን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ልጁን ታስታቅፈኝና ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰው እንደ ተረት ይሰማዋል፤ ለእኔ ግን ሩቁም ቅርቡም እሷ ነበረች።

አንድ ክረምት ጉንፋን ጣለኝ። ዳማከሴ አሽቼ አሸተትኩ፣ ነጭ ሽንኩርት በላሁ፤ ደረቴ ግን እንደታፈነ ቀረ። በመጨረሻ መድኃኒት ከሚሸጠው ሽማግሌ ግሪክ ሱቅ ገባሁ። አንድ ትንሽ ብልቃጥ ቅባት ሰጠኝ። ስከፍተው ሽታው እስከ አናቴ ዘለቀ። ሜንቶል የሚባለው ነገር እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያን ቀን የታየኝ ነጣ ያለ ለጋ ቅቤ ነው። ቅቤ ስለመሰለኝ፣ «እሳት ላይ አሙቄ ልዋጠው?» አልኩት። ሰውየው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«መዋጥ የለም! እሳት የለም!» አለ በተሰባበረ አማርኛው። ከዚያ ደረቱንና አንገቱን በመዳፉ እያሸ አሳየኝ። በስሱ ይቀባል፣ ልብስ ላላ ይደረጋል። ቁስል ላይ አይነካም፣ አፍና አፍንጫ ውስጥ አይገባም፣ ዓይን አጠገብ አይደርስም፣ ሲጨርሱ እጅ መታጠብ ነው። በመጨረሻ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ የሕፃን ቁመት እያሳየ፣ «ትንሽ ልጅ፣ በጭራሽ! ትንፋሽ ያፍናል» አለኝ። ልጅ እንደሌለኝ አልነገርኩትም።

ቤቴ ገብቼ ደረቴን ቀባሁ፤ ጎረቤቴ ጀርባዬን አሸችልኝ። ቀለል አለኝ። እጄን መታጠቡን ግን ዘነጋሁና ዓይኔን ነካሁት። እንባዬ እንደ ዝናብ ሲወርድ እሷ በሳቅ ሞተች።

«እታለም፣ ባልሽ ዛሬ ነው እንዴ የሞተው?»

እኔም እያነባሁ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አብረን እንዲያ አልሳቅንም።

ብዙም ሳይቆይ ጉንፋኑ ወደ ልጁ ተሻገረ። ገና ጥርስ አላበቀለም። አፍንጫው ተደፍኖ ጡት መሳብ አቃተው፤ ይይዝና ወዲያው ለቆ ያለቅሳል። በአገራችን እንዲህ ሲሆን ለጋ ቅቤ አፍንጫው ውስጥ ጠብ ይደረግለታል፤ ለእኔም እናቴ አድርጋልኛለች። ጎረቤቴም ልጁን ታቅፋ ደጃፌ ላይ ቆመች።

«ያንን የፈረንጅ ቅቤ ስጪኝ እስቲ፣ ለአፍንጫው ጠብ ላድርግለት።»

«ቅቤ አይደለም፣ እህቴ። ለሕፃን አይሆንም። ትንፋሽ ያፍናል ብሎኛል።»

«አንቺን አድኖሽ የለም እንዴ?»

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ዓይኔን እንዴት እንዳደረገኝ አላየሽም? ይልቅ በለብ ያለ ውሃ ጨርቅ ነክረን አፍንጫውን እንጥረግለት። ቀና አድርገሽ ያዢው፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ትንፋሹ ከከበደው ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አሁኑኑም ቢሆን።»

ብልቃጡን አየችው። ከዚያ እኔን።

«ወላሂ፣ ለእሱ ትነፍጊያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ምን ታደርጊ፣ አልወለድሽ።»

እኔ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ፤ ለአንድ ቃል አሥር እመልሳለሁ። ያን ቀን ግን ብልቃጡን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። ብልቃጡን ብሰጣት በሬ ላይ ቆማ ትመርቀኝ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። አልሰጠኋትም።

ልጁ ዳነ። ምን እንዳደረገችለት አልነገረችኝም። በእነዚያ ቀናት የጭቃውን ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሹን ሳዳምጥ እውል ነበር። ሲያለቅስ ደስ ይለኛል፤ የሚያለቅስ ልጅ ይተነፍሳል።

ከዚያ በኋላ በመካከላችን የእግዜር ሰላምታ ብቻ ቀረ። ውሃ ስትወርድ ልጁን አዝላው ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ ላስረዳት ሞከርኩ፤ «ተይው፣ አለፈ» ትለኛለች። እኔም ኩሩ ነኝ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የሚመሽብኝ ቀን በዛ። ክር ስጠቀልል ለራሴ አወራለሁ፣ ምን አልሽ የሚለኝ ግን የለም። ያም ሆኖ ዛሬ ብትመጣም ቅባቱን አልሰጣትም።

ልጁ መሄድ እንደጀመረ፣ አንድ ጠዋት በተከፈተው በሬ እየተንገዳገደ ገባ። ጉልበቴን ይዞ ቆመና ሽቅብ አይቶኝ ሳቀ። አፍንጫው ንጹህ ነው፣ ትንፋሹ ሙሉ። መርፌዬን አስቀምጬ ላነሳው እጄን ዘረጋሁ።

እናቱ ከግቢው ጠራችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ና ወዲህ፣ ልጄ። ሰው ቤት አይገባም።»

ጉልበቴን ለቀቀና ወደ እሷ ሄደ።