ድምፅ የሌለው ቀበቶ

ኤልሮይ ክሩገር ቀበቶ የሚመርጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሦስቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንዱን ያነሳና ጆሮው አጠገብ ያራግፈዋል። ዘለበት ከዘለበት ተጋጭቶ «ቂው» ካለ ፊቱን ያጨማድድና ወደ ጎን ይጥለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መልሶ ያነሳዋል። ሱሪ የሚታጠቁበትን ቀበቶ ማለቴ አይደለም። ዛፍ ላይ ማማ ሠርቶ አጋዘን የሚጠብቅ ሰው በትከሻው፣ በደረቱና በሁለት ጭኖቹ አሳልፎ ራሱን ከግንዱ ጋር የሚያስርበትን ነው።

እኛ የሰሜን ዊስኮንሲን ሰዎች መኸር ሲገባ ስለ ጠመንጃ እናወራለን እንጂ ልባችን ያለው ቀስቱ ዘንድ ነው። ቀስተኛ አጋዘኑ እግሩ ሥር እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ንፋስ ቅርንጫፍ ቢያንቀጫቅጭ አጋዘን አይደነግጥም፤ የብረት ድምፅ ከሰማ ግን ጭራውን ሰቅሎ ይሄዳል፣ ያ ማማ ለዚያ ዓመት አለቀለት። ስለዚህ በእኛ አገር ሰው ቀበቶ ሲገዛ «ይይዘኛል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «ይሰማል ወይ?» ነው የሚለው። ከጥያቄዎቹ የትኛው መቅደም እንደነበረበት ለኤልሮይ ዘግይቶ ነው የገባው።

ቀበቶው ለካርሊ ነው። ካርሊ የዴልበርት ሳንድቪክ ልጅ ናት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ዴልበርትና ኤልሮይ ጢማቸው ሳይበቅል ጀምሮ አብረው ያደኑ ሰዎች ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ዴልበርት ከማማው ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ዊልቸር ላይ ነው። ዘንድሮ ልጅቱ የአባቴ ማማ ላይ እወጣለሁ አለች።

«የሚንኳኳ ነገር አልለብስም» አለችው ኤልሮይን። «የሚቆረቁርም አልለብስም። ከቆረቆረኝ አወልቀዋለሁ፤ ቀድሜ ልንገርህ አጎቴ።»

ኤልሮይ «እሺ፣ እኔ እመርጥልሻለሁ» አላት። ሌላ ምን ይላል?

የዴልበርት አወዳደቅ ከተማው ውስጥ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ቀበቶውን መኪና ውስጥ ረስቶ ወጣ፣ ውርጭ የያዘው መወጣጫ አዳለጠው። ይህን ያለው ራሱ ዴልበርት ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ «ረሳሁት» አለ፣ በቃ። ካርሊ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልማረችውም። «ቁልፍህን ይዘሃል? መድኃኒትህንስ ዋጥክ? ለነገሩ አንተን ማመን አይቻልም፤ ሕይወትህን መኪና ወንበር ላይ ረስተህ የምትሄድ ሰው!» ትወደዋለች፤ የምትጮኸውም ስለምትወደው ነው። ኤልሮይ ብዙ ጊዜ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ቢራውን ይዞ ይሰማል።

ዴልበርት ግን አልረሳውም። በዚያ ጠዋት ሁለቱ መኪናው ኋላ ቆመው ሲለባብሱ የዴልበርት ዘለበት ተንኳኳ። በዚያው ሳምንት ያው ድምፅ አንድ ትልቅ ባለቀንድ አጋዘን አባሮባቸው ነበር። ኤልሮይ ሳቀ።

«ምነው ዴል፣ ደወል የታሰረላት ላም መሰልክ! ልታድን ነው የመጣኸው ልትታለብ?»

ዴልበርት አልሳቀም። ቀበቶውን አወለቀና መኪናው ወንበር ላይ ወረወረው። ኤልሮይ አየ። «ተው፣ ልበሰው» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። እሱ ግን የቀስቱን አውታር ሰም እየቀባ ነበር፤ ቀና አላለም።

ሰውን ከገደል የገፋ ሰው ቢያንስ እጁን ማየት ይችላል። ይህ እጅ ነው ያጠፋው ይላል፣ ይታጠበዋል፣ ይጸጸትበታል። የሳቀ ሰው ምኑን ይመልከት? ሳቅ ከአፍ ወጥቶ የሚሄድ ነገር ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ምን መልክ ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ኤልሮይ የዴልበርትን «ረሳሁት» እንደ ምሕረት ተቀበለው። ጓደኛዬ ሸፈነኝ አለ በልቡ። ስለዚህ ክረምቱን የዴልበርትን ደጅ በረዶ ሲጠርግ፣ እንጨቱን ሲፈልጥ፣ ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ወደሚበላበት ቤት ዊልቸሩን ሲገፋ ከረመ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?» ይለው ነበር ዴልበርት። «ነፍሷን ይማርና ሚስቴ እንኳ እንዲህ አልተንከባከበችኝም።»

ቀበቶዎቹ የተፈተኑት በዴልበርት የድሮ የላም በረት ውስጥ ነው። ሐሳቡ የዴልበርት ነበር። «እኔ አጋዘን እሆናለሁ» አለ። ኤልሮይ ቀበቶውን ለብሶ በመሰላል ቆጡ ላይ ይወጣል፣ ማማ ላይ እንዳለ ሰው ይቀመጣል፣ ይዞራል፣ ቀስት እንደሚስብ ሰው ክንዱን ወደ ኋላ ይስባል። ዴልበርት ደግሞ ከታች ዊልቸሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ሰማሁ!»

«ምኑን ሰማህ? ገና ምኑ ተነካና?»

«የግራ ጭንህ ዘለበት። ሞተሃል። እኔ አሁን ሐይቁ ማዶ ሆኜ ሣር እየበላሁ ነው።»

የመጀመሪያው ዘለበተ ብዙ ስለነበር ወዲያው ወደቀ። ሁለተኛው እንደ ሰደርያ የተሰፋ፣ ወፍራምና ለስላሳ ጨርቅ ያለው ነው፤ አይንኳኳም፣ ግን ይከብዳል፣ ያሞቃል። ሦስተኛው ቀጭንና ምቹ ነው። እሱ ላይ ኤልሮይ ዘለበቶቹን ሁሉ በአሮጌ የሱፍ ካልሲ ጠቀለላቸው።

«አሁንስ?»

«የሆነ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። ከጎንህ።»

ያ እርካቡ ነበር። ሰው ወድቆ ቀበቶው ላይ ቢንጠለጠል የጭኑ ማሰሪያ ደሙን ያፍነዋል፤ ስለዚህ ከጎን አንድ ጠፍር ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ እንደ እርካብ እግር አስገብተው ሊቆሙበት። ጫፉ ሲወዛወዝ እንጨቱን ይነካል። ኤልሮይ አንዴ አጠፈው፣ አንዴ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ዴልበርት በየጊዜው «ሰማሁ!» አለ። በመጨረሻ ቢላውን አውጥቶ ቆረጠውና ቆጡ ላይ ጭድ ውስጥ ጣለው።

ዝም።

«ዴል?»

«ምንም አልሰማሁም» አለ ዴልበርት በአድናቆት። «እዚያው ነህ ወይስ ቤትህ ሄድክ?»

የቀረው ምቾቱን መፈተን ነው። ኤልሮይ የቀበቶውን ገመድ በረቱ መሐል ካለው ወራጅ ጋር አስሮ፣ እግሬ መሬት ይነካል ብሎ ገምቶ፣ ከቆጡ ጠርዝ ቀስ ብሎ ወረደ። ግምቱ በአንድ ክንድ ያህል ተሳሳተ። ቀበቶው ከጀርባው ስለሚይዘው ዞሮ መሰላሉን መጨበጥ አልቻለም።

«ዴል።»

«እህ።»

«እግሬ መሬት አልነካም።»

«እያየሁት ነው።»

«ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልሳቅኩም።»

ዴልበርት ስልኩን አወጣ። «የእሳት አደጋዎቹን ልጥራ?»

«እንዳታደርገው! ይሄን ነገር ከሰሙ ባር ቤት መግባት ቀረልኝ ማለት ነው።»

ዴልበርት ለካርሊ ደወለ። «አንቺ ልጅ፣ አጎትሽ በረት ውስጥ እንደ ቋሊማ ተሰቅሏል። አይ፣ አልሞተም፤ ይሳደባል።» ካርሊ አውቶቡሱ ላይ የቀሩትን ልጆች አድርሼ እመጣለሁ አለች።

ጥቂት እንደቆየ ኤልሮይ መሳደቡን ተወ። የጭኑ ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እግሩ መጀመሪያ ነዘረው፣ ቀጥሎ ከበደው፣ ኋላም የሌላ ሰው እግር መሰለው። እርካቡ ከራሱ በላይ ጭድ ውስጥ ተኝቷል። ዴልበርት ፊቱን አየና ጭዱን እየጠረመሰ ጎማውን ገፍቶ ከሥሩ ገባ፤ ፍሬኑን ያዘ።

«ጉልበቴ ላይ ቁም።»

«አልቆምም።»

«ለምን?»

«አንተ ላይማ አልቆምም፣ ዴል።»

«ያመኛል ብለህ ነው? አይሰማኝም እኮ! ቁም፣ አንተ ግትር!» ብሎ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶቹን ይዞ ጉልበቱ ላይ አሳረፋቸው።

ኤልሮይ ቆመ። ደሙ ሲመለስ የሚወጋው መርፌ ከሥር ምንም ከማይሰማው ጉልበት የመጣ ያህል ነበር። ከላይ ሆኖ የሚያየው የዴልበርትን ኮፍያ ብቻ ነው፤ ዴልበርትም የሚያየው የእሱን ጫማ። ፊት ለፊት ቢሆኑ ኖሮ የሚነገር አልነበረም ብዬ አስባለሁ።

«ያኔ ቀበቶውን አልረሳኸውም» አለ ኤልሮይ።

«አልረሳሁም።»

«እኔ ስለሳቅኩብህ ነው ያወለቅከው።»

«አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ።»

«ረሳሁት ብለህ ሸፈንከኝ። እኔም ዝም ብዬ...»

«አንተን?» ዴልበርት ቀና ለማለት ሞከረ፤ ጫማ ከለከለው። «አንተን ማን አሰበህ? ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። አባትሽ በዚህ ዕድሜው ጓደኛው ቢስቅበት እንደ ጎረምሳ ተናዶ አወለቀው ልበላት? የረሳ ሰው ይታዘንለታል። የተናደደ ሰው ግን ጅል ነው።»

ኤልሮይ ሁለት ዓመት ሲያመሰግንበት የኖረው ምሕረት ማንም ያልሰጠው ሆነ። ሰው ይቅር እንዳልተባለ ማወቁ ከባድ ነው፤ እንዳልተከሰሰም አብሮ ማወቁ ግን መቆሚያ ያሳጣል። በደሉ የእሱ ብቻ መስሎት ነበር። አሁን ግን ለሁለት የተያዘ ምስጢር ሆነ፤ ልናገር ቢል የሚያዋርደው ራሱን ብቻ አይደለም።

«ይቅር በለኝ» አለ።

«መጀመሪያ ውረድ» አለው ዴልበርት።

ታሪኩን ሁለቱም በየግላቸው ነግረውኛል፤ የሚለያዩት እዚህች ላይ ብቻ ነው። ኤልሮይ ዴልበርት አለቀሰ ይላል። ዴልበርት ደግሞ ኮፍያዬ ላይ የተንጠባጠበው የማን ነበር ታዲያ ይላል።

ካርሊ መጥታ መሰላል አስጠጋች፣ ገመዱን ፈትታ አወረደችው። ኤልሮይ ጭዱ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ ቀበቶውን ከላዩ አወለቀችና ጆሮዋ ሥር አራገፈችው።

«ውይ! ምንም ድምፅ የለውም እኮ! እንዴት ይቀላል! በቃ ይሄ የኔ ነው።» ከጎኑ የተቆረጠውን ጫፍ አገኘች። «ይሄ ምንድነው?»

«እርካቡ ነበር። ይንኳኳል ብዬ ቆረጥኩት። ይሄን አትወስጂም፣ ካርሊ። አሁን ምን እንደሆንኩ አላየሽም?»

«አንተ እግርህ ሽማግሌ ስለሆነ ነው። ደግሞ እኔ አልወድቅም» አለች ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ ጣል እያደረገች። «እኔ እንደ አባባ የምረሳ ሰው አይደለሁም።»

ኤልሮይ ወደ ዴልበርት አየ። ዴልበርት ራሱን ነቀነቀ፤ ተው፣ እንዳትናገር ማለቱ ነው። ዝም ቢል ልጅቱ ይህን የተቆረጠ ነገር ለብሳ ትወጣለች። ቢናገር ጓደኛውን ልጁ ፊት ያራቁተዋል። ያንን ጠዋት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። አሁንም አንድ ትንፋሽ ነበር የሚያስፈልገው፣ እና አሁንም ከእሱ አልወጣም።

የወጣው ከዴልበርት ነው።

«አልረሳሁም» አለ። «አወለቅኩት። ይንኳኳ ነበር፤ ተሳቀብኝ፤ ተናድጄ አወለቅኩት።»

«የሳቅኩት እኔ ነኝ» አለ ኤልሮይ።

ካርሊ ወደ ኤልሮይ ዞረች።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ስጮህበት እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ።»

«ተቀምጬ።»

«ምንም አላልክም።»

«ምንም አላልኩም።»

ቀበቶውን ጭዱ ላይ ጣለችው። የአባቷን ዊልቸር ፍሬን ፈታችና ጉልበቱ ላይ የቀረውን የጫማ ጭቃ በእጇ ጠርጋ ይዛው ወጣች። ኤልሮይ እስኪመሽ እዚያው እንደተቀመጠ ነበር። ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ሳቁ አይደለም አለኝ በኋላ፤ ሳቅ ያመልጣል። የሚቆረቁረኝ ቢራዬን እየጠጣሁ መስማቴ ነው። የሚያጽናና ነገር ፈለግኩለት፤ በሕይወቴ ከተማርኩት ሁሉ ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም። ቢኖርም የሚገባው አልመሰለኝም።

ካርሊ ከባዱን ሰደርያ ወሰደች፣ ከነእርካቡ። ሁለት ሳምንት ያህል ለኤልሮይ ስልክ አልመለሰችም። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ሲል ግን ራሷ ደወለች፤ ከማማው እስከ መሬት የሚወርደውን፣ ሰው ሲወጣም ሲወርድም የሚታሰርበትን ገመድ የሚያስር ሰው ያስፈልጋታል። አባቷ ያንን ቋጠሮ በደንብ የሚያውቀው ኤልሮይ ነው ብሏታል። ኤልሮይ መጣ። ሰላም ሲላት ራሷን በመነቅነቅ ብቻ መለሰችለት። ዛፉን ከመንካቱ በፊት የጭኑን ማሰሪያ ጨብጣ ሁለት ጊዜ በኃይል ሳበችው፤ ልታሳምመውም፣ ልታረጋግጥም ይመስል ነበር። ከዚያ ወጣ። ላይ ሆኖ ሲቋጥር «ከፍ አድርገው» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ወደ ታች ሲመለከት የገመዱን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሮቿን አንፈራጥጣ ቆማለች። ቀና ብላ አላየችውም፤ ገመዱንም አልለቀቀችም።