አርጀንቲና በአያቷ ስልክ

ስሟን ሰምታችሁ እንዳትስቁባት። ወንድሜ ለመጀመሪያ ልጁ ስም ሲያወጣ ማንንም አላማከረም፤ የእግር ኳስ ፍቅሩን ልጁ ላይ ለጠፈና አርጀንቲና አላት። በእኛ፣ ሌላው አውሮፓዊ ጂፕሲ በሚለን በመዳብ ቀጥቃጮቹ ሮማዎች ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም፣ ጎረቤታችንም ልጁን መርሴዲስ ብሏታል። እኔ አክስቷ ሳፍታ ነኝ። ሥራዬ በትምህርት ቤቱና በሰፈራችን መካከል መመላለስ ነው። ልጅ ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄጄ አመጣለሁ፣ እናት ስትቆጣ እለምናለሁ፣ አስተማሪ ሲያመናጭቅ መልሱን እሰጣለሁ። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ከእኛ ሰፈር ሴት ልጅ አምስተኛ ክፍልን ከዘለለች ሰው ይገረማል። አርጀንቲና ስምንተኛ ደረሰች። እናትና አባቷ ስፔን ፍራፍሬ ለቀማ ስለሄዱ ያሳደጓት የእኔ ወላጆች ናቸው፤ አባቴ ትራይላና እናቴ ዛምፊራ። ሰው ሲታመም ከአጠገቡ የማትጠፋ ልጅ ነበረች። የሰፈሩ አሮጊቶች መድኃኒታቸውን ይዘው መጥተው "ይሄ የጠዋቱ ነው የማታው?" ብለው የሚጠይቁት እሷን ነበር። ምኞቷም አንድ ነው፣ ከተማ ያለው የነርሶች ትምህርት ቤት መግባት።

የበረዶው ወራት ሊወጣ ሲል ከወንዙ ማዶ ያለ ደህና ቤተሰብ ለልጃቸው ሊያጯት ሽማግሌ ላኩ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ሠርጉ ዕድሜዋ ሲደርስ ነው፤ የታጨች ልጅ ግን በእኛ ዘንድ ከተማ ወርዳ አትማርም። አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየና መለሰላቸው።

"ልጅቷ ሰኔ ላይ ትፈተናለች። የነርሶቹ ትምህርት ቤት ከገባች እንግዲህ ሌላ ሙሽራ ትፈልጋላችሁ። ካልገባች በመስከረም ኑ፣ የእናንተ ናት። ቃሌ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ሄዱ። እናቴ "ምን አከራከረህ፣ ጥሩ ሰዎች እኮ ናቸው" ብትለው "እኔም ጥሩ ሰው ነኝ፣ ግን ስሜን መጻፍ አልችልም" አላት።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ትምህርቱ በስልክ ነው ተባለ። በማን ስልክ? የእኔ ባለ ቁልፍ አሮጌ ነው፣ ከመደወልና ከመጮህ ሌላ አያውቅም። መሥሪያ ቤቴ የሚያብረቀርቅ ሰደርያና የወረቀት ክምር ሰጠኝ፤ ለልጆቹ ታብሌት ይመጣል ተብሎ ነበር፣ መጣም፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ ቅጠል ሲረግፍ። ደህና ስልክ ያላቸው የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው፤ ሴት ልጅ ከጎረምሳ ስልክ ተዋሰች ከተባለ ደግሞ ወሬው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

አባቴ የመጨረሻዋን ከመዳብ የሠራትን የአረቄ ማውጫ ጋን ሸጠና ስልክ ይዞ መጣ። ገና በሩ ሳይደርስ ሰው ወጥቶ ያይ ጀመር። "ለልጅቷ ነው?" "ስልክ ይዛ ከማን ጋር ልታወራ ነው?" የሚል ሹክሹክታ ሰማ። መንገዱ መሃል ቆመና ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ስሙኝ። ይህ ስልክ የትራይላ ነው። በትራይላ ኪስ ይውላል፣ በትራይላ ትራስ ሥር ያድራል። ልጅቷ ስትማር እኔ አጠገቧ ነኝ። የሚያወራ ካለ አሁን ይምጣና እኔን ይጠይቀኝ።"

ማንም አልመጣም። እኔም ያን ቀን ኮራሁበት። የልጅቷን ስም በአንድ ንግግር ከሐሜት አዳነው።

እንዳለውም አደረገ። ሰፈራችን መብራት ስላልገባለት ስልኩን አስፋልቱ ዳር ያለው ሱቅ ራሱ ወስዶ ባትሪውን ያስሞላል። በትምህርት ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣታል፣ ከጎኗም ይቀመጣል። የሂሳብ አስተማሪዋ ኮዝሚና ትባላለች፤ ክፉ ሰው አይደለችም። አንድ ቀን ግን ልጆቹ ሁሉ በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ሰማን።

"አርጀንቲና፣ ከጎንሽ ያሉት ሰውዬ ማን ናቸው?" አለች አስተማሪዋ።

"አያቴ ናቸው።"

"እስቲ ትንሽ ዞር ይበሉልን፣ ልጆቹ መማር አልቻሉም።"

አባቴ ይብሱን ወደ ስልኩ ተጠጋ። "ጢሜ ነው ያሳቃቸው? ይሳቁ ግድ የለም፣ እኔም ጢም የሌለው ወንድ ሳይ ሳቄ ይመጣል። እርስዎ ሂሳብዎን ይቀጥሉ የእኔ እመቤት፣ ካርዱ እያለቀብን ነው።"

ከዚያ ወዲህ የሚስቅበት አልነበረም። እንዲያውም አንድ ቀን ቢቀር ልጆቹ "አያትሽ የት አሉ?" ይሏት ነበር። አርጀንቲና ሂሳቧ እየተሻሻለ ሄደ፤ ኮዝሚና ራሷ "ይቺ ልጅ ትገባለች" አለችኝ። እኔም አመንኳት፣ ምን ላድርግ፣ ደስ ሲልሽ ታምኛለሽ።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ ማሳል ጀመረ። አምቡላንስ መጥቶ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲደግፉት አርጀንቲና ሮጣ ስልኩን እጁ ውስጥ አስገባችው።

"እንካ አያቴ፣ ስትደርስ ደውልልን።"

"ትምህርትሽስ?"

"ነገ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም።"

ማክሰኞ ነበር። ትኩሳት ላይ ስለነበር አላወቀባትም።

ማንበብ ባይችልም አረንጓዴውን መንካት አስተምራዋለች። በየጠዋቱ ወደ እኔ ስልክ ይደውላል፣ ሁልጊዜም የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው።

"ዛሬ ምን አስተማሩሽ?"

ልጅቷም ከራሷ ፈጥራ ትነግረዋለች። አንድ ቀን "ስለ ጋን ነበር አያቴ፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ እንዴት እንደሚታወቅ" ስትለው ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነበት።

"ለዚህማ እኔ አልበቃም ነበር? በማን ስልክ ነው የምትማሪው?"

"በአክስቴ።"

ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኬን ጆሮዋ ላይ ይዛ ነበር የምታወራው። ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ኮዝሚናን ለምኜ መልመጃ በወረቀት አመጣሁላት፤ ግን ስትሳሳት እዚህ ጋ ተሳሳትሽ የሚላት ሰው ከየት ይምጣ? እኔ ራሴ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ሳይደወል ቀረ። ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ደውለው ሞቱን ነገሩን።

በእኛ ወግ ሬሳ ሦስት ሌሊት ሰው ሳይለየው ይጠበቃል። ይታጠባል፣ ደህና ልብሱን ይለብሳል፣ ሲጠቀምበት የኖረው ዕቃ አብሮት ይገባል፤ ያለዚያ ነፍሱ ዕቃዋን ፍለጋ ትንከራተታለች እንላለን። ለአባቴ ይህ ሁሉ አልሆነም። ሳጥኑ ታሽጎ መጣ፣ እኛ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመን አየን፣ አፈር መለሱበት፣ አለቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ዕቃውን በላስቲክ ከረጢት ሰጡን። ባርኔጣው፣ ቀበቶው፣ ሰደርያው፣ ስልኩ።

እናቴ በመቃብሩ ራስጌ ጉድጓድ አስቆፈረች። ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣች ነጭ ጨርቅ ላይ ስታስቀምጥ ስልኩ ላይ ደረሰች።

"እማዬ፣ እሱ የልጅቷ ነው" አልኳት።

"ማን አለ?"

"እኔ። ለእሷ ብሎ እንደገዛው አንቺም ታውቂያለሽ።"

"መንገድ መሃል ቆሞ የእኔ ነው ሲል ጆሮሽ የት ነበር? ሰፈር ሙሉ ሰምቷል።"

"ለስሟ ብሎ ነው እንጂ።"

"እሺ። እንግዲህ በየቤቱ ልዙርና ትራይላ ዋሽቷችሁ ነበር፣ ስልኩ የልጅቷ ነው ልበል? የሞተውን ውሸታም፣ ያለችውን ባለጌ ላስብላቸው?"

ያ ኮርቼበት የነበረው ንግግር ልጅቷን በአጥር እንዳጠረ ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

"አላጠብኩትም ሳፍታ። ዓይኑን እንኳ የከደነለት ባዳ ነው። እኔ ያደረግሁለት ይህ ብቻ ነው፣ እሱንም ልትነፍጊው ነው?"

ተናድጄባት ሳለ አንጀቴን በላችው። አርጀንቲና መጥታ ስልኩን ከጨርቁ ላይ አነሳች።

"እማማ ልክ ናት። ከእሱ ጋር ይሂድ። ግን ባትሪው አልቋል፣ ባዶውን ከሚሄድ ላስሞላለት።"

ሱቁ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ስልኩ ነፍስ ሲዘራ፣ ሆስፒታል ተዘግቶ የከረመውን ኢንተርኔት ከፈተችው፤ የሦስት ሳምንት ትምህርት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ይገባ ጀመር፤ የድምፁ ብዛት ባለሱቁን አስገረመው። እሷ መጀመሪያ ለኮዝሚና ጻፈች፦ "መምህርት፣ ይህ ቁጥር የአያቴ ነው። እሳቸው አርፈዋል። ከእንግዲህ በዚህ አይላኩልኝ። አርጀንቲና።" ከዚያ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ባትሪው እስኪሞላ ድረስ የተላከላትን አነበበች። ሲሞላ ነቀለችው፣ በሽርጧ ጠቀለለችውና ተመለስን። ጉድጓዱ ውስጥ በገዛ እጇ ነው ያስቀመጠችው።

ሰኔ ላይ እኔው ወስጄ አስፈተንኳት። ሌሎቹ ከመምህራቸው ጋር ሲለማመዱ ነው የከረሙት። እሷ ከወረቀት ክምሯ ጋር ነበረች። በቋንቋው ደህና አመጣች፤ ሂሳቡ አወረዳት። የነርሶቹ ትምህርት ቤት ለሮማ ልጆች የያዘው ሁለት ወንበር ነበር፣ እሷ ሦስተኛ ወጣች። ሁለቱን ያገኙት የእኛው ልጆች ናቸው፣ ከተማ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ መብራትም ኢንተርኔትም ቤታቸው ያለ። ያሳድጋቸው። እነሱን ምን ልበላቸው?

እየሮጥኩ እናቴ ጋ ሄድኩ። "ሦስተኛ እኮ ነው የወጣችው እማዬ። ሌላ ትምህርት ቤት አለ፣ የሚመጣው ዓመትም አለ።"

እናቴ እንደምትቆጣ ነበር የጠበቅሁት። ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። "እኔ የማልፈልግላት መሰለሽ? ቃሉ የእኔ ቢሆን ዛሬውኑ አፈርሰው ነበር። እሱም ቢኖር ይሽረው ነበር። የሞተ ሰው ቃሉን እንዴት ይሽራል?"

ወንድሜ ጋ ስፔን ደወልኩ። እያለቀሰ "አባቴ በቁሙ የተናገረውን ሞቶ ላዋርደው?" አለኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ተረቱ ሲተረት ደስ ይላል። የወለዱት ሲጠፋ ቆሞ ማየት ሌላ ነገር ነው። ተሳደብኩ፣ ለመንኩ፣ ማዶ ድረስ ሄጄ ሽማግሌዎቹን ተለማመጥኩ። በትሕትና አስተናገዱኝ፣ ምግብ አቀረቡልኝ፣ "ትራይላ የተናገረውን እኛ ብንተው እሱን መናቅ ነው" ብለው ሸኙኝ። የሚጠላ ሰው አጣሁ። ቢገኝ ይቀለኝ ነበር።

መስከረም ሲመጣ፣ በምትታጭበት ቀን ጠዋት፣ ጸጉሯን የጎነጎንኩላት እኔ ነኝ። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፣ አላለቀሰችም።

"አክስቴ" አለችኝ፣ "አያቴ ቢኖር እኮ አንድ ዓመት ጨምርልኝ ብዬ እለምነው ነበር። እምቢ አይለኝም ነበር፣ አይደል?"

"አይልሽም ነበር።"

"አሁን ማንን ልለምን?"

ሁለተኛውን ጉንጉን ሳልጨርስ ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ቀሪውን በገዛ እጇ ቋጠረችና እንግዶቹን ልትቀበል ወጣች።