ጎርፉን የነገረው ቴሌግራም ስንት ሰዓት ደረሰ?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶክተር ኢድሪስ አንድ ካርቶን አሮጌ ወረቀት ፊቴ ዘረገፉና፣ "ያላ፣ አማርኛው ያንቺ ነው" አሉኝ። እሳቸው የታሪክ ሰው ናቸው፤ ጎረቤት አገሮች በወንዝ፣ በድርቅና በጎርፍ እንዴት እንደሚደራደሩና እንደሚኮራረፉ ያጠናሉ። እኔ ካርቱም ውስጥ የካላክላ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ እናቴ ሐበሻ፣ አባቴ ሱዳናዊ። አማርኛዬ የቤት፣ ዐረብኛዬ የመንገድ ነው። የትኛው የበለጠ የኔ እንደሆነ ዛሬም ግራ ይገባኛል።

ሥራዬ ሰነዱን በእርሳስ ቁጥር መስጠት፣ ወደ ዐረብኛ መመለስ፣ ከካርቱም መዝገብ ጋር ማመሳከር ነበር። ወደ መዝገብ ቤቱ እስክሪብቶ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

በሁለተኛው ዓመት ከኢትዮጵያ በኩል የተላከ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቴሌግራም አገኘሁ። "ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተላከ" ይላል። እንዳለ ተረጎምኩት። የካርቱሙ መዝገብ ደግሞ ጠዋት ዘጠኝ ከሃያ ለአለቆች ተላለፈ ይላል። "ስድስት ሰዓት የት ገባ?" አሉ ዶክተሩ። ምዕራፉን ጻፉት፤ ጥፋቱ ቴሌግራሙን በተቀበለው ጸሐፊ በዑስማን ላይ አረፈ። ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ሰው በጎርፍ አስበላ ማለት ነው።

ዶክተሩ ስሙ የሚነሳ ሰው ቤተሰብ ካለው፣ ጽሑፉ ሳይታተም ያሳያሉ። ስለዚህ ረቂቁን ይዤ አርካዊት ሰፈር፣ የዑስማን ልጅ ሐጃ ነፊሳ ቤት ሄድኩ። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ አባቴ ሰነፍ ነበር እያላችሁኝ ነው?"

ምን ልበል? መዝገቡ ነው የሚለው አልኳቸው። በዚህ መሐል እናቴ ደወለች። "የት ነሽ? ሦስት ሰዓት ሆነ እኮ፣ ቁርስም አልበላሽ!" ቀና ብዬ የሐጃን የግድግዳ ሰዓት አየሁ፤ ዘጠኝ ይላል።

ወይ ጉዴ! የኛ ጠዋት ሦስት፣ የነሱ ዘጠኝ ነው። በዐረብኛ ሦስት ብዬ ስጽፍ ቴሌግራሙን ጎህ ሳይቀድ አስልኬዋለሁ። የሰውዬው መዘግየት ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር። እዚያው መናገር ሲገባኝ ፈራሁ፤ "አጣርቼ እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ስህተቴን ስነግራቸው ዶክተሩ ጮኹብኝ። "ጉባኤ ላይ አቅርቤዋለሁ እኮ! አንቺ ሐበሻ አይደለሽም እንዴ?"

"ግማሽ ነኝ" አልኩ። ይህንን ያለ አፌን ዛሬም እረግመዋለሁ።

ዶክተሩ ምዕራፉን ሰረዙት። "ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። እሳቸውም አላወቁም።

በሦስተኛው ቀን ሐጃ ዘንድ ተመለስኩ። "አባትዎ ቴሌግራሙን ወዲያው ነው ያደረሱት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አለቀሱ።

"አንቺንስ ይቅር ብያለሁ" አሉ። "እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አምኛችሁ ነበር። አባቴን የት አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቀው?"



ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰነድ ላይ ሰዓት ካገኛችሁ፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳታጣሩ የሰው ስም አትጻፉ።