ያጠፋኋቸው ኮከቦች

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር መንዝ ሄዳ በስልኳ ያነሳችውን የሌሊት ሰማይ ላከችልኝ። ከሥሩ «አክስቴ፣ አንቺ ትችይበት የለ? ትንሽ አጽጂልኝ» ብላ ጽፋለች። መነጽሬን ፈልጌ አደረግኩና ፎቶውን በጣቶቼ ሳሰፋው፣ በአንድ ጥግ የተጠጋጉ ደቃቅ ኮከቦች አየሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። «አጽጂልኝ» የሚለው ቃል ከድሮም ያደክመኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መርካቶ፣ ከሸማ ተራ እልፍ ብሎ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ፎቶሾፕ እሠራ ነበር። ዲጂታል ካሜራ ብርቅ በነበረበት ዘመን «ኮምፒውተር የምትችለዋ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ ችሎታዬ ግን ነጭ ነጥብ ከማጥፋት ብዙም አያልፍም። ፊልም በስካነር ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ የያዘው አቧራ ሁሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። እሱን አንድ በአንድ ከአጠገቡ ባለው ቀለም መሸፈን፣ ቀጥሎ የሙሽራዋን ብጉር፣ ቀጥሎ የሚዜውን ጠባሳ። ወሩ ጥር ነው። ጥር ለሌላው የሰርግ ወር ነው፤ ለእኔ የወገብ ሕመም ወር ነበር። ከውጭ የጋሪ ገፊዎች ጩኸት፣ ራቅ ብሎ የምን አለሽ ተራ መዶሻ፣ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ከአትክልት ተራ የበሰበሰ ጎመን ሽታ ይመጣል። ምሳዬን ቦምቦሊኖ በሻይ፣ በግራ እጄ እበላለሁ። ቀኝ እጄ ማውሱን አይለቅም።

ጋሼ ወርቁ የመጡት ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ ነው። ሸማ ተራ ውስጥ በስፌት ማሽን የሐበሻ ቀሚስ የሚጠልፉ ሽማግሌ ነበሩ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ፊልም ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ከዓመታት በፊት የሰፈሩ መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ካሜራቸውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደግፈው ሰማዩን አንስተው ኖሯል። የታጠበውን ፎቶ ግን ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ አበላሸባቸው።

«እንደ ድሮው መጠን አድርጊልኝ፣ ልጄ። ፊልሙ አቧራ ጠጥቷል፤ ጥርት አድርገሽ አጽጂልኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ ነገ ይምጡ» አልኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጥቁር ሆኖ በነጭ ነጥብ የተሞላ ነው። እጄ የለመደውን ሠራ። ትልልቆቹን ተውኳቸው፤ ኮከብ መሆናቸው ያስታውቃል። ደቃቆቹን አቧራ ናቸው ብዬ አንድ በአንድ ደመሰስኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሲያልቅ ኮርቼበት ነበር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ እንኳ አጎንብሰው አይተው «ሥራ እንዲህ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጋሼ ወርቁ ፎቶውን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉ። አፍንጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ አቀረቡት። ጣታቸው አንድ ጥግ ላይ ሄዳ ቆመች።

«እዚህ ጋ ስድስት ደቃቆች ነበሩ።»

ከዚያ እየሳቁ ነገሩኝ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም። ሐኪም ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ከነገራቸው ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ፣ እስኪበላሽ ድረስ፣ ቆመው ያዩ ነበር። ስድስቱን ከቆጠሩ ይሠራሉ። ያልቆጠሩ ዕለት ሥራ ሊያቆሙ ለራሳቸው ቃል ገብተዋል፤ የሰው ልጅ የሙሽርነት ቀሚስ ማበላሸት አይፈልጉም።

«ዛሬ አንዲቱም አትታየኝም። እንግዲህ ደረሰ ማለት ነው» አሉ።

ስድስቱን ያጠፋኋቸው እኔ ነበርኩ። «ጋሼ…» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላቸው አልበማቸውን የሚጠብቁ ሁለት ቤተሰቦች ተገትረዋል፤ ጋሽ ሸምሱ ያዩኛል። በሰው ፊት ጥፋቴን ለማመን አፈርኩ። ከሁሉ በላይ ደክሞኝ ነበር፤ አፍ መክፈት ራሱ ሥራ ሆነብኝ። ነገ ሌላ አጥቤ እወስድላቸዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሳቸው «እጅሽ ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀንም ሰርግ ነበረብን። በአራተኛው ቀን ፎቶውን እኛ ዘንድ ከቀረው ፊልማቸው እንደ አዲስ አስገብቼ፣ ምንም ሳልነካ ከነአቧራው አሳተምኩና ሸማ ተራ ሄድኩ። ጋሼ ወርቁ ከተሰቀሉት ነጠላዎች ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ የአራት እግሮቹ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ትናንት ለአንድ ጎረምሳ ልብስ ሰፊ ሸጠውታል።

ፎቶውን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ወጥተው ጣታቸውን አስጠጉ። «አንድ… ሁለት…» ስድስት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው እዚያው ቀረች።

ዞር ብለው አዩኝ። «እንዳጠፋሻቸው ያን ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አላወቅኩም፣ ጋሼ።»

ስድስቱን የቆጠረ ዓይን ፊቴን ማየት አያቅተውም። «ይሁን» አሉ፣ «ደክሞሽ ነው።» ዱካቸውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ሻይ አዘዙልኝ። ጠጣሁት። ማሽኑ አንዴ ተሸጦ ስለነበር፣ ከዚያን ቀን በኋላ ጋሼ ወርቁ ማሽን ላይ እንዳልተቀመጡ ከሰው ሰማሁ፤ እኔም በሸማ ተራ በኩል ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ ስዞር ኖርኩ።

ለእህቴ ልጅ ፎቶዋን እንዳለ መለስኩላት። ወዲያው «አክስቴ፣ ምንም አልነካሽውም እኮ!» ብላ ጻፈች። «ደክሞኝ ነው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ አልዋሸሁም፣ በእርግጥም ደክሞኛል። ነገር ግን ያን ሰበብ አንድ ሰው አንዴ አበድሮኝ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። አጠፋሁትና ሌላ ጻፍኩ፦ «ቅዳሜ ነይ። አንድ ሽማግሌ ላይ ስላደረግኩት ነገር እነግርሻለሁ። አውቅ ነበር።»