ገበያ ላይ የቆመው የሱቄ በር

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የሱቅ በር ተከፋችና ግማሽ ጣሳ ጥቁር ቀለም ነው። ቀለሙ ከድሮ የተረፈ ስለነበር አላዘንኩበትም። በሩ ግን ደህና በር ነበር።

ያኔ ቦንጋ ገበያው ዳር ጨው፣ ሳሙናና ባትሪ እሸጣለሁ፤ ከገጠር የሚመጣ ማርም እገዛለሁ። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት ከስኳር ጆንያና ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። ልጆች ግን በአገራችን በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ መማር ጀምረው ነበር፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት ደንበኛዬ ነበረች። አንድ ቀን ሻማ ልትገዛ መጥታ እንዳዘነች ቆመች።

«ጋሼ፣ ወላጅ እንዴት ነው የሚጠራው? ልጆቹ በየሳምንቱ ምን እንደሚማሩ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ስብሰባ ስጠራ ማንም አይመጣም።»

«ስብሰባ ማለት መዋጮ ነዋ! የአጥር ቆርቆሮ ልታስከፍያቸው መስሏቸው ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሰው ሳይጠራ የሚመጣው ቅዳሜ ገበያ ነው።»

ምክር በነፃ መስጠት ልማዴ አይደለም። ያን ቀን ተሳሳትኩ። በነጋታው «እሺ፣ ሰሌዳውን ምን ላይ እናድርገው?» ብላ መጣች። ወደ በሬ ስታይ ገባኝ። አንዱን ተከፋች ነቅለን ጥቁር ቀባነው።

ቅዳሜ ጠዋት በጠመኔ ሞላችው፤ ከላይ የሳምንቱን ሒሳብ፣ ከታች ልጆቹ ስለ ቤታቸው የጻፉትን። ገበያተኛው ወዲያው ከበበው። ነጋዴ ደጃፍ ላይ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ በእኛ አገር የዋጋ ነው። «የቡና ነው የማር?» ይለኛል ሁሉም።

በዚህ መሐል ማር የሚያመጣልኝ ገበሬ የማር ጀሪካን ያሸከማትን ሴት ልጁን አስከትሎ ደረሰ። በመሠረተ ትምህርት በአማርኛ ፊደል ማንበብ የተማረና በዚያም የሚኮራ ሰው ነው። ሰሌዳውን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ደብተሯ ላይም ይኸው ነው፣ የፈረንጅ ፊደል! ሁለተኛ ዓመቷ፣ የእኛ የሆነ ነገር አልተማረችም። ከሰኞ ጀምሮ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ቡናውም ለቃሚ ይፈልጋል።»

ልጅቷ የጀሪካኑን እጀታ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ። «ወንድሜ፣ ማርህን ሳልቀምስ መልሼብህ አውቃለሁ? እስቲ ታንብበው» አልኩት።

ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብላ አነበበች፤ በካፊኖኖ፣ ጮክ ብላ። «አባቴ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላል። አምና ከዛፍ ወደቀ። አልወደቅሁም ይላል።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ከጎኑ የነበረች ቅቤ ሻጭ፣ «ለካስ ለዚህ ነው እስከ ጥምቀት ያነከስከው!» አለችው።

«አልወደቅሁም! ቶሎ ወረድኩ እንጂ!» አለና ወደ ልጁ ዞረ። «ማነው ይህን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። «በዚህ ፊደል የእኛ ቋንቋ ይጻፋል?» ብሎ መምህርቷን ጠየቃት።

«ይጻፋል፣ አባቷ።»

«መውደቄም?»

«እሱም።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ሳቅ ቀደመው። ዓይኑን እየጠረገ፣ «እንግዲያው ሰኞ ክፍል ገብታ ታርመው! በሚመጣው ቅዳሜ ‹ወረደ› ተብሎ ካልተጻፈ ማሬን ለሌላ ነጋዴ ነው የምሸጠው!» አለ።

«ቡናውስ?» አልኩት።

ቅቤ ሻጯ ቀደመችው። «ራሱ ይልቀመው! የቡና ዛፍ አጭር ነው፤ ቢወርድም አይጎዳም።»

ከዚያ ወዲያ ወላጅ መጥራት ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም የልጁን እጅ ይዞ ይመጣል፤ ስሙ ተነሥቶ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ልጆቹም ከሒሳቡ ጀምረው ያነቡለታል። በሩ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ክፍተቱን በአሮጌ ቆርቆሮ ደፈንኩት።

ወጪ፣ አንድ የበር ተከፋችና ግማሽ ጣሳ ቀለም። ገቢ፣ ልጅቷ ሰኞ ክፍል ገባች።