በአምስት የተከፈለው መጽሐፍ

ጋምቤላ ከተማ አማርኛ ሳስተምር አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ "የልቦለድ አላባውያን" ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቹም ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት እያሉ ይገለብጣሉ። ልቦለድ ግን አያነቡም። ባሮ ከአፍንጫችን ሥር እየፈሰሰ ዋናን በሰሌዳ እንደማስተማር ነው። ይህን ያለችኝ አጁሉ ናት።

አጁሉ የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። የአኝዋ ልጅ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ካደገች በኋላ፣ ልቦለድ እያነበበች ነው። ስለዚህ ልቦለድ ሲነሣባት ጤነኛ አትመስልም። ቤተ መጻሕፍታችን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ብቻ ሦስት መደርደሪያ ሙሉ አለው፤ ልቦለድ ግን ያለው አንድ መጽሐፍ ነው። አንድ! አንዱ ልጅ ወስዶ ወር ያቆየዋል፤ ሌላው ተራ መጠበቅ ታክቶት ይተወዋል። ሌላ ይገዛልን ባልን ቁጥር የርእሰ መምህሩ መልስ ያው ነው፤ "አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ልቦለድ ይመጣል?"

አጁሉ ታዲያ መጽሐፉን በምላጭ አምስት ቦታ ከፈለችው። እያንዳንዱን ክፍል ወንድሟ የዓሣ መረብ በሚጠግንበት ክር ሰፍታ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበደችው። አንደኛውን የጨረሰ መልሶ ሁለተኛውን ይወስዳል። በሁለት ወር ውስጥ አርባ ልጅ ያህል አነበበው። ልጆቹ እንደሚሉት ታሪኩ ስለ አንድ ሾፌርና በሩን ሳትዘጋ ስለምትጠብቀው እናቱ ነው። ማንጎው ሥር "ይመለሳል"፣ "አይመለስም" እያሉ ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው፤ ያውም በአማርኛ፣ እኔ ሳላስገድዳቸው። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁም።

ከዚያ የንብረት ቆጠራ መጣ። መዝገቡ ላይ አንድ መጽሐፍ አለ፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው አንድ ቁራጭ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ርእሰ መምህሩ፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

"የመንግሥት ንብረት በምላጭ?" አለ ርእሰ መምህሩ። "የኬሚስትሪውን እዩት እስቲ፣ አንድ ገጽ አልታጠፈም!"

ማን ነክቶት ይታጠፋል! ይህን ያልኩት በሆዴ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? አምስቱም ክፍል እስከ ዓርብ ተሰብስቦ እንደ ነበረ እንዲጠረዝ፣ አንዱ ከጎደለ አጁሉ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድትዛወር ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፤ ፈረምኩም።

አራቱ ክፍሎች ሐሙስ ተገኙ። አምስተኛው ኛላም ጋ ነበር። ኛላም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቤቷ የሚነገረው ኑዌር ስለሆነ አማርኛውን በጣቷ መስመር እየተከተለች ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ዓርብ ጠዋት ከአጁሉ ጋር ክፍሏ ድረስ ሄድን።

"ቲቸር፣ አሥራ አንድ ገጽ ቀረኝ" አለች፣ ቁራጩን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አጁሉ እጄን ቸብ አደረገችው።

"ተዋት። ትጨርስ።"

"አብደሻል? ስብሰባው እኮ አራት ሰዓት ላይ ነው! ሥራሽ እኮ ነው!"

"አሁን ከነጠቅናት ሁለተኛ መጽሐፍ አትነካም" አለችኝ። "ስቶር ሰው አይበላም፣ ወንዳፈረው።"

በንዴት ጨስኩ። ለአሥራ አንድ ገጽ! አራቱን ክፍል ይዛ ገባች፤ አምስተኛው ማን ጋ እንዳለ ሲጠይቋት ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ለአንድ ቀን እንኳ ደግ ሥራ ሠራ። ሰኞ አጁሉ ግምጃ ቤት ገባች።

ያንኑ ዕለት ኛላም ጨርሳ ይዛልኝ መጣች። "ሌላ አለ?" አለችኝ። ምን ልበላት? አሁን መጽሐፉ ተጠርዞ ርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ ባለ መስታወቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይታያል። ቤተ መጻሕፍቱም ተዘግቷል፤ ሠራተኛ የለውማ።

በወሩ ፈተና "የልቦለድ አላባውያንን ዘርዝሩ" ብዬ ጠየቅሁ። ኛላም ቦታውን ባዶ ትታ ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ "ይህን አላጠናሁም። እናትየዋ በመጨረሻ በሩን ለምን እንደዘጋችው ግን አውቃለሁ።"

ወረቀቱን ለአጁሉ ወሰድኩላት። በመጥረጊያና በጠመኔ ካርቶን መሃል ተቀምጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

"ስንት ሰጠሃት?"

"ዜሮ" አልኩ። "የተጠየቀችውን አልመለሰችማ።"

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

"እሺ፣ አንተ መልስልኝ። እናትየዋ በሩን ለምን ዘጋችው?"

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። መጽሐፉን እኔም አላነበብኩትም። ቁልፉ ደግሞ አሁን ርእሰ መምህሩ ጋ ነው።