ሳይታጠፍ የማይታመን ብረት

መተማ ላይ ብረት የምንበይደው በማለዳ ነው። ፀሐይ ከበረታች ብረቱ ራሱ እጅ ይልጣል። የሥራ ባልደረባዬ ተሰደው ከሄዱ ኢትዮጵያውያን ሱዳን ተወልዶ ያደገ ነው፤ ወላጆቹ እዚያው ስለሞቱ እዚህ ሲመጣ አንድም ዘመድ አልነበረውም።

እኔ ጎንደር የተማርኩት የሕንፃ ብረት ደንብ ለታወቀ መጋጠሚያ ሙከራ አይጠይቅም። ብረቱ፣ የመበየጃ ኤሌክትሮዱና የኤሌክትሪኩ አምፔር ከተፈቀደው ልክ እስካልወጡ ድረስ አሠራሩን ጽፎ መጀመር ነው። እሱ የሠለጠነው ነዳጅ ቧንቧ ላይ ነው። የእሱ ደንብ ናሙና ተበይዶ፣ ተቆርጦና ታጥፎ ካልታየ ሥራ አያስጀምርም።

ለሽንፋ ከተማ የውኃ ታንከር የሚቀመጥበትን የብረት ማማ ስንሠራ በዚሁ ተነታረክን። «ይኼ እኮ የታወቀ ነው» ስለው «ለማን?» ይለኛል። ሰልችቶኝ እሺ አልኩት። ናሙናውን በመኪና ክሪክ ሲያጥፈው አባቴ ቆመው ያዩ ነበር። ብረቱ ጎበጠ፤ ብየዳው አልተሰነጠቀም። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

እኅቴ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እሷና ባልደረባዬ እንደሚዋደዱ ለአባቴ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የማን ልጅ ነው? ዘሩን የሚያውቅ ማን አለ?»

እኅቴም በግትርነት የእሳቸው ልጅ ናትና «ከእሱ ሌላ አላገባም፤ ዝውውር ጠይቄ ሳንጃ እሄዳለሁ» አለች። ከሄደች እንደማትመለስ አውቅ ስለነበር ፈራሁ፤ ተናደድኩም።

«አባዬ፣ አንቱ የያዙት የእኔን ደንብ ነው፤ ለታወቀ ብቻ ይሠራል። ላልታወቀው የእሱ ደንብ አለ» አልኳቸው።

ሰሊጥ ሲደርስ አባቴ ባልደረባዬን ለአጨዳ ወደ እርሻቸው ይዘውት ወረዱ። ማጭድ ይዞ አያውቅም ነበርና መዳፉ ተላጠ፣ ወገቡ ተቆረጠ። አባቴ ሆን ብለው አንድም ቀን ጎሽ አላሉትም። እሱም አላጉረመረመም፤ ይልቅ ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ጥላ ሲፈልጉ የተሰበረ የትራክተር ተጎታች ይጠግናል።

ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ አባቴ ጠሩኝ።

«ጎበጠ እንጂ አልተሰነጠቀም። ሽማግሌ ይላክ።»

«ማንን ይላክ? ዘመድ የለው።»

«አንተስ?»

አንድ እሑድ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ጋር፣ በተወለድኩበት ቤት ደጃፍ እንደ እንግዳ ቆምኩ። አባቴ የማያውቁኝ መስለው «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አልኩ። «ልጅዎን ለጋብቻ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ለማን? የማን ልጅ ነው?»

መልሱን መንገድ ላይ ሳጠናው ነበር የመጣሁት።

«ወንድሜ ነው» አልኩ።